የጢያ ትክል ድንጋዮችን በፎቶግራፍ መመዝገብ፤ የአንድ ቀን ጉዞ ለቅርስ ጥበቃ ያለው ፋይዳ

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 90 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ፣ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በሶዶ ወረዳ የምትገኘው የጢያ መንደር የአገሪቱን ጥንታዊ ታሪክ ከሚመሰክሩ ሥፍራዎች አንዷ ናት። በመንደሯ የሚገኙት ትክል ድንጋዮች እ.ኤ.አ. በ1980 በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት (ዩኔስኮ) በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ይሁንና ከመዲናይቱ ጠዋት ተነስቶ ማታ መመለስ የሚቻልበት ይህ ሥፍራ በአብዛኛው ጎብኚ ዘንድ የሚታወቀው ለአጭር ጊዜ ቆም ተብሎ ፎቶግራፍ የሚነሱበት ቦታ ሆኖ ነው።

በቅርቡ ዓመታት የእጅ ስልክ ካሜራ በመስፋፋቱ በየሣምንቱ መጨረሻ ወደ ታሪካዊ ሥፍራዎች የሚጓዙ ጓደኛሞች ቁጥር ቀላል አይደለም። ከእነዚህም መካከል በልዩ ልዩ መሥሪያ ቤቶች የሚያገለግሉ ሠራተኞች ይገኙበታል። የሚያነሱት ፎቶግራፍ ብዙ ቢሆንም አብዛኛው ቀኑ፣ ቦታውና የድንጋዩ ማንነት ሳይጻፍበት በየስልኩ ውስጥ ቀርቶ ስልኩ ሲጠፋ ወይም ሲበላሽ አብሮ ይጠፋል። በአንጻሩ የተወሰነ ሥርዓት ተከትለው የሚሠሩ ሁለት ጓደኛሞች በአንድ ቀን ውስጥ ለቅርስ ጥበቃ ሥራ የሚረዳ መረጃ ሊያሰባስቡ ይችላሉ። ይህ ጽሑፍ የጢያን ታሪካዊ ይዞታ፣ የአሠራሩን ሥርዓትና ምክንያቱን ያብራራል።

የጢያ ትክል ድንጋዮች ምንነት

በሶዶ አካባቢ እስካሁን 160 ያህል ጥንታዊ የትክል ድንጋይ ሥፍራዎች መገኘታቸውን የዩኔስኮ መዝገብ ያመለክታል። ጢያ ከእነዚህ መካከል ከፍተኛ ግምት የሚሰጣት ናት። በሥፍራው 36 ሐውልቶች የሚገኙ ሲሆን ከእነዚህም 32ቱ የተለያዩ ምልክቶች የተቀረፁባቸው ናቸው። በብዛት የሚታየው የሰይፍ ቅርፅ ነው። በአንድ ድንጋይ ላይ በርካታ ሰይፎች ተደርድረው የሚገኙበት አጋጣሚ አለ። ከሰይፉ በተጨማሪ ክብ ቅርፆች፣ ቅርንጫፍ ወይም ቅጠል የሚመስሉ ምልክቶችና ሌሎች ትርጉማቸው ያልተፈታ ቅርፆች ይታያሉ።

የምልክቶቹን ትርጉም አስመልክቶ የተለያዩ አስተያየቶች ይሰነዘራሉ። ሰይፎቹ የሟቹን ጀግንነት ወይም የጣላቸውን ጠላቶች ብዛት ያመለክታሉ የሚሉ አሉ። ቅጠል መሰሉን ምልክት የአካባቢው ሕዝብ ዋነኛ ምግብ ከሆነው ከእንሰት ጋር የሚያያይዙም ይገኛሉ። ሆኖም ምልክቶቹን ያኖረው ማኅበረሰብ የጽሑፍ ማስረጃ ስላልተወ የትኛውም አስተያየት የመጨረሻ ሊባል አይችልም።

የሥፍራው አገልግሎት ግን በቁፋሮ ታውቋል። በፈረንሳዊው የሥነ ቁፋሮ ባለሙያ ሮዤ ዡሶም የተመራው ቡድን በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ባካሄደው ጥናት፣ በትክል ድንጋዮቹ ሥር መቃብሮች መኖራቸው ተረጋግጧል። የተገኙት አፅሞች እንደ ፅንስ ተጣጥፈው የተቀበሩ ሲሆን በርካቶቹ በወጣትነት ዕድሜያቸው የሞቱ ሰዎች ናቸው። በመሆኑም ጢያ በመጀመሪያ ደረጃ የመቃብር ሥፍራ ናት። ካሜራ ይዞ የሚገባ ሰውም ይህንን ሊዘነጋ አይገባውም።

በአካባቢው በቆየ አፈ ታሪክ ድንጋዮቹ ከኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም (ግራኝ አሕመድ) ዘመን ጋር ተያይዘው ይነገራሉ። እ.ኤ.አ. በ1935 ወደ ሥፍራው የመጣው የጀርመን የጥናት ቡድንም «የግራኝ ድንጋይ» የሚለውን መጠሪያ መዝግቧል። ኢማሙ የነበሩት በ16ኛው ክፍለ ዘመን ሲሆን፣ መቃብሮቹ ግን ከዚያ ቀደም ብለው በመካከለኛው ዘመን የተሠሩ መሆናቸውን ጥናቱ ያሳያል። አፈ ታሪኩ የድንጋዮቹን ዕድሜ ባይነግርም ሕዝቡ ቅርሱን በየትኛው ትልቅ ታሪካዊ ክስተት እንዳስታወሰው ስለሚያሳይ ራሱን ችሎ ሊመዘገብ የሚገባው ነው።

ቀደምት ምስሎች የሚሰጡት ትምህርት

የደቡብ ኢትዮጵያ ትክል ድንጋዮች በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በምስል ተመዝግበዋል። ፈረንሳዊው ሚሲዮናዊ አባ አዛይስና ባልደረባቸው ሻምባር ለአምስት ዓመታት ያካሄዱትን ጥናት ከምስል ጥራዝ ጋር እ.ኤ.አ. በ1931 በፓሪስ አሳትመዋል። ከእነርሱ በኋላም የጀርመኑ ፍሮቤኒየስ ተቋም ቡድን፣ ቀጥሎም ፍራንሲስ አንፍሬን የመሳሰሉ ባለሙያዎች በየጊዜው ሥራውን ቀጥለዋል።

እነዚህ ምስሎች ዛሬ ያላቸው ዋጋ ከውበታቸው የመነጨ አይደለም። አንድ ድንጋይ በአንድ በታወቀ ዓመት በየትኛው ቦታ፣ ወዴት ዞሮ፣ ምን ያህል ተቀብሮ፣ ቅርፁም ምን ያህል ጎልቶ እንደነበረ ያስረዳሉ። የዛሬውን ሁኔታ ከዚያ ጋር በማነጻጸር ምን እንደጠፋ ማወቅ ይቻላል። ዛሬ የሚነሳ ፎቶግራፍም ከ50 ዓመት በኋላ ተመሳሳይ አገልግሎት ሊሰጥ የሚችለው በቂ መግለጫ አብሮት ከኖረ ብቻ ነው።

ትክል ድንጋዮቹ የቆሙት በሜዳ ላይ እንደመሆኑ መጠን ለዝናብ፣ ለፀሐይና ለነፋስ የተጋለጡ ናቸው። በቀን ሙቀትና በሌሊት ቅዝቃዜ መፈራረቅ የድንጋዩ ገጽ ይሰነጣጠቃል። ወደ ስንጥቁ የሚገባው ውኃ ጉዳቱን ያባብሰዋል። በድንጋዩ ላይ እንደ ንጣፍ የሚለጠፉ ደቃቅ ሕያዋንም ቅርፁን ይሸፍናሉ፤ ገጹንም ይበላሉ። ይህ ለውጥ በየዕለቱ ለሚያየው ሰው አይታወቅም። በዓመታት ልዩነት የተነሱ ሁለት ምስሎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን በግልጽ ይታያል።

ሁለት ሰዎች ለምን ያስፈልጋሉ?

ለዚህ ዓይነቱ ሥራ አንድ ሰው ብቻውን ከሚሄድ ሁለት ጓደኛሞች ቢሄዱ ይመረጣል። ምክንያቱም ሥራው ማንሳትና መመዝገብ የሚባሉ ሁለት ተግባራት አሉት። አንደኛው ካሜራውን ሲይዝ ሌላኛው መዝገቡን ይይዛል። የድንጋዩን ተራ ቁጥር፣ የተነሳውን ገጽ አቅጣጫ፣ ሰዓቱን፣ የምስሉን ቁጥርና በዓይን የታየውን ጉዳት ወዲያውኑ ይጽፋል። ማታ ቤት ገብቶ ከትዝታ ለመጻፍ መሞከር 36 ተመሳሳይ ድንጋዮችን እርስ በርስ ማምታታት ነው።

ሁለተኛው ሰው መለኪያም ይይዛል። በየ10 ሣንቲ ሜትሩ ጥቁርና ነጭ ቀለም የተቀባ ዱላ ከድንጋዩ አጠገብ፣ ሳይነካው፣ ቢቆም የቅርፁ መጠን ከፎቶግራፉ ላይ ሊሰላ ይችላል። ሰሜንን የሚያመለክት ቀስት በመሬት ላይ ቢቀመጥም የድንጋዩ አቅጣጫ ይታወቃል። መለኪያ የሌለው ፎቶግራፍ የአንድ ክንድ ሰይፍና የአንድ ስንዝር ሰይፍ ልዩነትን አይናገርም።

የጊዜ አያያዙም ሊታሰብበት ይገባል። እያንዳንዱ ድንጋይ ከአራት አቅጣጫ ቢነሳ 36ቱ ድንጋዮች 144 ምስሎች ይፈልጋሉ። ለአንድ ድንጋይ አምስት ደቂቃ ቢመደብ በጠቅላላው ሦስት ሰዓት ይወስዳል። የምልክቶቹ የቅርብ ምስል ሲጨመርበት ከዚያ ይበልጣል። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ የሚነሱ ተጓዦች የቀኑን የበለጠ ክፍል ለጢያ መመደብ ይኖርባቸዋል።

ብርሃንና የድንጋዩ አቅጣጫ

ፎቶግራፍ አንሺዎች ዘወትር የሚሰጡት ምክር ጠዋትና ማታ ማንሳት ይበጃል የሚል ነው። ለመልክዓ ምድር ይህ ትክክል ነው። ለተቀረፀ ድንጋይ ግን ምክሩ ብቻውን በቂ አይደለም። በትክል ድንጋዮቹ ላይ ያሉት ምልክቶች ከድንጋዩ ገጽ ብዙም የማይወጡ በመሆናቸው የሚታዩት በጥላቸው አማካይነት ነው። ጥላ የሚፈጠረው ደግሞ ብርሃኑ የድንጋዩን ገጽ ከጎን ገርፎ ሲያልፍ እንጂ ፊት ለፊት ሲያርፍበት አይደለም።

ለምሳሌ ፊቱን ወደ ምሥራቅ ያደረገ ድንጋይ ማለዳ ፀሐይ በቀጥታ ስለምታርፍበት ደምቆ ቢታይም ቅርፁ ጠፍጣፋ ሆኖ ይወጣል። ያው ድንጋይ ወደ እኩለ ቀን ሲቃረብ፣ ፀሐይ ወደ ላይ ወጥታ ገጹን ከበላይ ወደታች ስትገርፈው የሰይፉ ጠርዝ ይጎላል። ከቀትር በኋላ ደግሞ ገጹ ጥላ ውስጥ ይገባል። ወደ ምዕራብ የዞረው ድንጋይ ሥርዓቱ የዚህ ተቃራኒ ነው። በሰሜንና በደቡብ አቅጣጫ ያሉ ገጾች በበኩላቸው እንደየወቅቱ ይለያያሉ። ጢያ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 8 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ በሚያዝያ ወር መጀመሪያና በነሐሴ ወር መጨረሻ አካባቢ የእኩለ ቀን ፀሐይ ከራስ በላይ ትውላለች። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ግን በቀትር ወደ ደቡብ ታዘነብላለች።

በመሆኑም ጓደኛሞቹ ሥፍራው እንደደረሱ ካሜራ ከማውጣታቸው በፊት አንድ ዙር ዞረው የእያንዳንዱን ድንጋይ አቅጣጫ ቢመዘግቡ፣ የትኛው ቀድሞ የትኛው ዘግይቶ እንደሚነሳ ለመወሰን ይረዳቸዋል። ፈጽሞ ጥላ ውስጥ ለሚውል ገጽ ደግሞ ሁለተኛው ሰው ባትሪ መብራት ወይም ነጭ ካርቶን ከጎን በመያዝ ብርሃኑን ገጹን ገርፎ እንዲያልፍ ማድረግ ይችላል። ጠቆር ያለ ደመና ያለበት ቀን ጥላ ስለማይፈጥር ለቅርፅ አይመችም። ሆኖም የድንጋዩን ቀለምና በላዩ የተለጠፈውን ነገር ሳያዛባ ስለሚያሳይ ያን ቀን ለጉዳት ምዝገባ መጠቀም ይቻላል።

ከዚህ በተጨማሪ በአሁኑ ወቅት ብዙ ተደራራቢ ምስሎችን በኮምፒዩተር በማገናኘት የድንጋዩን ሙሉ ቅርፅ በሦስት አቅጣጫ መሥራት ተችሏል። ለዚህም ድንጋዩን እየዞሩ እያንዳንዱ ምስል ከቀዳሚው ምስል ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ደግሞ እንዲይዝ አድርጎ ማንሳት ያስፈልጋል። ለዚህ የእጅ ስልክ ካሜራም ያገለግላል።

ሊደረጉ የማይገባቸው ነገሮች

ቅርፁን ለማጉላት ተብሎ የሚደረጉ አንዳንድ ድርጊቶች በቅርሱ ላይ ጉዳት ያደርሳሉ። በጠመኔ ወይም በከሰል መስመሩን ማቅለም፣ ውኃ ማፍሰስ፣ በብሩሽ ወይም በጥፍር መፋቅ፣ ወረቀት ለጥፎ ማሸት ከእነዚህ መካከል ይጠቀሳሉ። የጠመኔው ደቃቅ ዱቄት በድንጋዩ ቀዳዳዎች ውስጥ ይቀራል። ከዚህም በላይ በጠመኔ የተሳለው መስመር የቀራጩ ሳይሆን የጎብኚው ግምት ነው። ፎቶግራፉም ያንን ግምት እንደ ማስረጃ አድርጎ ለትውልድ ያስተላልፋል።

በድንጋዩ ላይ መደገፍ፣ መቀመጥና መውጣትም ተገቢ አይደለም። ሥሩ የላላ ድንጋይ ሊወድቅ ይችላል። በሰው አልባ በራሪ ካሜራ መጠቀም የሚፈልግ ደግሞ ከሚመለከተው የመንግሥት አካል አስቀድሞ ፈቃድ ማግኘት ይኖርበታል። ለንግድ ወይም ለፊልም ሥራ የሚነሳ ምስልን በተመለከተም ጽሕፈት ቤቱን አስቀድሞ ማነጋገር ያስፈልጋል።

የመንደሩን ነዋሪዎች ማንሳት የሚፈልግ ሰው ፈቃዳቸውን ሊጠይቅ ይገባል። በዕድሜ የገፉ እናትና አባት በቤታቸው ደጃፍ ተቀምጠው ሲታዩ ሰላምታ ሳይሰጡ ካሜራ መደቀን በአገሩ ባህል ነውር ነው። ሕፃናትን በተመለከተም የወላጆቻቸውን ይሁንታ ማግኘት ይገባል። ለምስሉ ሲባል ለሕፃናት ገንዘብ መስጠት ከትምህርት ገበታ ወደ መንገድ የሚጎትታቸው መሆኑ መታወቅ አለበት። በአንጻሩ የአካባቢውን አስጎብኚ መቅጠርና በመንደሩ ምግብ መመገብ ነዋሪው ከቅርሱ ተጠቃሚ እንዲሆን ያደርጋል። ከቅርሱ የሚጠቀም ነዋሪም የቅርሱ የመጀመሪያ ጠባቂ እንደሚሆን አያጠራጥርም።

በጉዞው መስመር ላይ የሚገኙ ሌሎች ሥፍራዎች

ከዓለም ገና ወደ ቡታጅራ የሚወስደው መንገድ ከጢያ ሌላ ሁለት ታላላቅ ሥፍራዎችን ያገናኛል። አንደኛው ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ፣ በአዋሽ ወንዝ ዳር የሚገኘው መልካ ቁንጥሬ ነው። ሥፍራው እ.ኤ.አ. በ1963 በሆላንዳዊው የውኃ ባለሙያ ጄራርድ ዴከር ከታወቀ በኋላ ለረጅም ዓመታት በፈረንሳዊው ዣን ሻቫዮን፣ ቀጥሎም በጣሊያን የጥናት ቡድን ሲቆፈር ቆይቷል። ቀደምት የሰው ዘሮች ከሁለት ሚሊዮን ዓመታት ገደማ ጀምሮ በዚያ መኖራቸውን የሚያሳዩ የድንጋይ መሣሪያዎች፣ ቅሪተ አካላትና የእግር ዱካዎች ተገኝተዋል። መልካ ቁንጥሬ፣ የጥቁር መስተዋት ድንጋይ ከሚወጣበት ከባልጪት ጋር እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ሲሆን፣ በዚህም ኢትዮጵያ በዓለም ቅርስ መዝገብ ያስመዘገበቻቸው ሥፍራዎች 12 ደርሰዋል።

ሁለተኛው ከዋናው መንገድ ወደ ምዕራብ በመታጠፍ የሚደረስበት የአዳዲ ማርያም ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ነው። በትውፊት የንጉሥ ላሊበላ ሥራ እንደሆነ ይነገራል። ዛሬም አገልግሎት የሚሰጥበት በመሆኑ ጎብኚው የካህናቱን ፈቃድ መጠየቅ፣ ጫማ ማውለቅና በቅዳሴ ሰዓት ምስል ከማንሳት መቆጠብ ይጠበቅበታል። ሦስቱንም በአንድ ቀን መጎብኘት የሚቻል ቢሆንም ሦስቱንም በአንድ ቀን መመዝገብ ግን አይቻልም። ዓላማው ምዝገባ የሆነ ጉዞ አንዱን መርጦ ሌሎቹን ለሌላ ጊዜ ማቆየት ይኖርበታል።

ከጉዞ መልስ የሚሠራ ሥራ

የምዝገባው ግማሽ ሥራ የሚጀምረው ከጉዞ መልስ ነው። በመጀመሪያ የቀንና የሰዓት ጉዳይ አለ። ካሜራው በምስሉ ላይ የሚያኖረው ቀን በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ሰዓቱም ከኢትዮጵያ አቆጣጠር በ6 ሰዓት የሚለይ ነው። መዝገቡ ላይ «ጠዋት 3 ሰዓት» ተብሎ የተጻፈው በካሜራው 9 ሰዓት ሆኖ ይገኛል። ሁለቱ አቆጣጠሮች ሳይለዩ ከተጻፉ ከዓመታት በኋላ መዝገቡን የሚያነብ ባለሙያ ብርሃኑ ከየት እንደመጣ፣ አልፎም ምስሉ በየትኛው ዓመት እንደተነሳ ሊሳሳት ይችላል። ስለዚህ የትኛው አቆጣጠር ጥቅም ላይ እንደዋለ በግልጽ መጻፍ ያስፈልጋል።

ቀጥሎም ዋናው ምስል ሳይቆረጥና ቀለሙ ሳይለወጥ መቀመጥ አለበት። ለማሳያ የሚሠራው ቅጂ ከዋናው ተለይቶ ይያዛል። የምስሉ ፋይል ስም ሥፍራውን፣ የድንጋዩን ቁጥር፣ የገጹን አቅጣጫና ቀኑን ቢይዝ ፍለጋው ይቀላል። ቅጂው ቢያንስ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ሊቀመጥ ይገባል። አንድ ቅጂም ከመዝገቡ ጋር ለወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ቢሰጥ ሥራው ከግል ማስታወሻነት ወደ ሕዝብ ሀብትነት ይሸጋገራል።

በሶዶ አካባቢ ከጢያ ውጪ ያሉት በርካታ ትክል ድንጋዮች በእርሻ መካከልና በመንገድ ዳር የሚገኙ መሆናቸው የተለየ ጥንቃቄ ይሻል። አጥር የሌለውና ጠባቂ ያልተመደበለት ድንጋይ በቀላሉ ሊሰበር ወይም ለግንባታ ሊወሰድ ይችላል። ተጓዦች እንዲህ ዓይነቱን ድንጋይ ሲያገኙ ትክክለኛ መገኛውን ለጽሕፈት ቤቱ ማሳወቅ እንጂ በማኅበራዊ መገናኛ ዘዴዎች ማሰራጨት አይመከርም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992ም በግንባታና በመሳሰለው የቁፋሮ ሥራ አጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ለሚመለከተው አካል እንዲያሳውቅ ግዴታ ይጥላል። የቀድሞው የቅርስ ጥናትና ጥበቃ ባለሥልጣን በአሁኑ ወቅት የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን በሚል ስያሜ ይጠራል።

ከመሥሪያ ቤቶች የሚጠበቅ ድርሻ

ከዜጎች የሚመጣው ምስል ጥቅም ላይ የሚውለው ተቀባይ ሲኖረው ነው። ምስል ይዞ የመጣ ሰው የሚረከበው ባለሙያ ካጣ ወይም ያስረከበው ዲስክ ያለ መዝገብ በመሳቢያ ውስጥ ከቀረ፣ በሚቀጥለው ጊዜ አያመጣም። ለዚህም ጽሕፈት ቤቶች ሰፊ በጀት አያስፈልጋቸውም። ለእያንዳንዱ ድንጋይ ቋሚ ቁጥር ማስቀመጥና ቁጥሩን የሚያሳይ ካርታ በመግቢያው ላይ መስቀል፣ አንድ ገጽ የምዝገባ ቅጽ ማዘጋጀት፣ የተረከቡትን ምስል በመዝገብ አስፍሮ ለአምጪው ማረጋገጫ መስጠት ለመጀመሪያው እርምጃ በቂ ነው።

ምዝገባው በየዓመቱ በተመሳሳይ ወር፣ ከተመሳሳይ ቦታና በተመሳሳይ ሰዓት ቢደገም ደግሞ ጥቅሙ ይጎላል። የአንድ ዓመት ምስል የድንጋዩን ሁኔታ ያሳያል፤ የአሥር ዓመት ተከታታይ ምስል ግን ጉዳቱ በየትኛው ገጽ፣ በምን ፍጥነት እንደሚሄድ ያመለክታል። የጥገና ባለሙያም የትኛው ድንጋይ መቅደም እንዳለበት የሚወስነው በዚህ ዓይነቱ ማስረጃ ነው።

የጢያን ምልክቶች የቀረፀው ማኅበረሰብ ትርጉማቸውን በጽሑፍ ባያቆይም ሥራውን በድንጋይ አኑሯል። ትርጉሙን ወደፊት የሚፈታ ተመራማሪ ሊኖር ይችላል። ያ ተመራማሪ የሚሠራበት ነገር እንዲያገኝ ለማድረግ ግን ቅርፁ ከመደብዘዙ በፊት በአግባቡ መመዝገብ ይኖርበታል። ለዚህም በየደረጃው የሚገኙ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶች፣ የመንግሥት ሠራተኞችና ቅዳሜያቸውን ለጉብኝት የሚያውሉ ጓደኛሞች የየበኩላቸውን ሊያበረክቱ ይጠበቃል።